ሰዓቱን ማን ይይዛል? የልጆች የውሃ ዋና ውድድር በኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ላይ የልጆች የውሃ ዋና ውድድር ለማዘጋጀት የተነሳ ሰው ልጅ አይቸግረውም። ቦርከና ዳር ያደገ፣ እረፍት በመጣ ቁጥር ሐይቅ ከተማ ዘመድ ቤት ሄዶ ሲንቦጫረቅ የሚከርም ልጅ ሞልቷል። ገንዳውም ተለምኖ ወይ ተከራይቶ ይገኛል። ሜዳሊያና ባነር የሚያሠራ ነጋዴም አይጠፋም። የሚጠፋው ሌላ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት በሰዓቱ መጥቶ፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ሰዓት ይዞ፣ ለዚያች ግማሽ ቀን የማንም አጎት ሳይሆን የሚውል ሰው።

ስድስት መስመር ባለው ገንዳ ላይ ለሚደረግ ውድድር ስንት ሰው ያስፈልጋል? ዋና ዳኛ 1፣ አስጀማሪ 1፣ የሰዓት ያዦች አለቃ 1፣ በየመስመሩ ሁለት ሁለት ሰዓት ያዥ፣ ማለትም 12፣ ሰዓቱ አልነሳ ያለው ሰው ሲኖር የሚተካ ተጠባባቂ 1፣ በገንዳው ግራና ቀኝ እየተራመዱ ቀዘፋ (የዋናውን ስልት) የሚያዩ 2፣ ከወዲያኛው ጫፍ ሆነው መታጠፊያ የሚጠብቁ 3፣ ልጆቹን የሚያሰልፉ 2፣ ጠረጴዛ ላይ የሚጽፉ 2፣ በድምፅ ማጉያ የሚጠራ 1፣ ወረቀት የሚያመላልስ 1። ድምሩ 27 ነው። የነፍስ አድን ሠራተኞችና የጤና ባለሙያው ከዚህ ቁጥር ውጪ ናቸው። ሰዓቱ በእጅ የሚያዝ ከሆነ ዓለም አቀፉ አሠራር በመስመር ሦስት ሰዓት ያዥ ይፈልጋል፤ እንደዚያ ከሆነ 33 እንደርሳለን።

ይህን ቁጥር የሰማ አዘጋጅ መጀመሪያ የሚያደርገው በመስመር አንድ ሰዓት ያዥ ማድረግ ነው። ይኼ አይበጅም። አንድ ሰዓት ብቻ ካለ፣ ሰዓቱ ካልተነሳ ወይም ያዡ ከዘናጋ ያ ልጅ ውጤት የለውም፤ ደግመህ ዋኝ ማለት ደግሞ ደክሞ ለወጣ የአሥር ዓመት ልጅ ግፍ ነው። ሰው ከጎደለ መቀነስ ያለበት መስመሩ ነው። ስድስት መስመር ያለውን ገንዳ በአራት መስመር ብናወዳድር አራት ሰዓት ያዥ ይተርፈናል፤ ውድድሩ ይረዝም ይሆናል እንጂ አይበላሽም።

ኮምቦልቻን የምመርጠው በአየሯ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ያልሞቀ ውሃ ውስጥ የገባ ትንሽ ልጅ ከሁለት ዙር በኋላ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ጥቂት ብቻ ከፍ ትላለች፤ ውሃዋም ልጅ የሚችለው ነው። የዓለም አቀፉ ደንብ ለውድድር የሚፈልገው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ማሞቂያ በሌለው ገንዳ ይህን ጠዋት ላይ ማግኘት ስለሚያስቸግር ትንንሾቹን ወደ አራትና አምስት ሰዓት መግፋት፣ ትልልቆቹን ማስቀደም ይሻላል። ከደሴ የሚመጡት ቡድኖች የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርዱ ናቸው፤ ጭጋግ ያለ ቀን መኪና ቀስ ስለሚል ማሟሟቂያውን ከመነሻው ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ መያዝና መዘግየቱን እዚያ ውስጥ መዋጥ ነው። ለቡድኖቹ በሚላከው መጥሪያ ደብዳቤ ላይ ደግሞ «ጠዋት 3፡00 ሰዓት» ተብሎ «ጠዋት» የምትለው ቃል ትጻፍ። በኮምፒውተር የተዘጋጀ ፕሮግራም 9፡00 ካለ፣ ከቀትር በኋላ ከች የሚል ቡድን አይጠፋም።

ገንዳው ይለካ። በጨርቅ ሜትር ሳይሆን በብረት ሜትር፤ አንድ ቦታ ሳይሆን በየመስመሩ። 25 ሜትር ያለው ገንዳ ከ25.00 ቢያንስ ተቀባይነት የለውም፤ ቢበዛም የሚፈቀደው እጅግ ጥቂት ነው። ከተማ ውስጥ ያሉ የሆቴል ገንዳዎች ብዙውን ጊዜ የተሠሩት ለመዝናኛ ስለሆነ 18 ወይም 20 ሜትር ሊሆኑ፣ ጥግ ላይም ሊጠማዘዙ ይችላሉ። እዚያ ላይ ማወዳደር ነውር አይደለም፤ ነውሩ የ20 ሜትር ገንዳ ላይ የተያዘን ሰዓት «50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ» ብሎ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ጥልቀቱም ይታይ፤ ከመነሻ መድረክ ላይ ዘሎ ለመግባት ከግድግዳው 1 ሜትር ርቀት ጀምሮ እስከ 6 ሜትር ድረስ ቢያንስ 1.35 ሜትር ጥልቀት መኖር አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ልጆቹ ውሃ ውስጥ ሆነው፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳ ይዘው ይነሱ። ጭንቅላቱ ወለል የመታ ልጅ ሜዳሊያ አያስታውስም።

የመስመር ገመድ ከሌለ ሰው የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ ናይለን ገመድ ላይ ባዶ ሃይላንድ ይደረደራል። ያገለግላል። ግን ክዳኑ በደንብ ይታሰር፤ ውሃ የገባበት ሃይላንድ ይሰጥምና ገመዱ መሀል ላይ ይረግባል፤ ልጁም ሳያውቀው ጎረቤት መስመር ውስጥ ይገባል። ለጀርባ ቀዘፋ ከሁለቱም ግድግዳ 5 ሜትር ርቀት ላይ፣ ከውሃው 1.8 ሜትር ከፍታ ላይ ባንዲራ የተንጠለጠለበት ገመድ ይወጠራል። ይህ ጌጥ አይደለም። በጀርባው የሚመጣ ልጅ ግድግዳው መቅረቡን የሚያውቀው በዚያ ብቻ ነው፤ ከሌለ በአናቱ ይላተማል፣ ወይም ፈርቶ ቀድሞ ይገለበጥና ውጤቱ ይሰረዛል።

አሁን ወረቀቱ ላይ እንምጣ፤ እኛ አገር ውድድር ግማሹ የሚበላሸው እዚህ ነው። ወርልድ አኳቲክስ፣ ቀድሞ ፊና ይባል የነበረው፣ ለወጣቶች ዕድሜ የሚቆጥረው ልጁ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ላይ በሚኖረው ዕድሜ ነው። ያ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 22 ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ 21 ይውላል። እንግዲህ ሁለት ልጆች «2004 ዓ.ም. ተወለዱ» ተብለው ቢመዘገቡ፣ ኅዳር የተወለደው በፈረንጆች 2011፣ የካቲት የተወለደው 2012 ላይ ያርፋሉ። አንድ ክፍል የሚማሩ፣ አንድ ዓመተ ምሕረት የተጻፈላቸው ልጆች በሁለት የዕድሜ ምድብ ይወድቃሉ ማለት ነው። አሠልጣኙ ዓመቱን ብቻ ጽፎ ከላከ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው በግምት ይመድባል፤ ከዚያ ጠብ ይነሳል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ካልተሟላ ምዝገባውን አለመቀበል ነው። የከተማ ውድድር ከሆነ መቁረጫውን መስከረም 1 ማድረግም ይቻላል፤ ብቻ መጥሪያው ላይ ተጽፎ ይሂድ እንጂ በውድድሩ ዕለት አይወሰን።

ማስረጃው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱት ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ቢኖራቸውም ብዙውን ጊዜ በኋላ የወጣ ነው። ለውድድር ሲባል ባለፈው ሳምንት የወጣ ወረቀት ሲመጣ የክትባት ካርድ ወይም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያለ የትምህርት ቤት መዝገብ አብሮ ቢጠየቅ አይከፋም። ይህንን ምርመራ የሚያደርገው በጎ ፈቃደኛው አይሁን። ሰዓት ሊይዝ የመጣን ተማሪ ከወላጅ ጋር ዕድሜ ማከራከር ማለት ከርሞ እንዳይመጣ መንገር ነው። የዕድሜ ጉዳይ ከሦስት ቀን በፊት በአዘጋጅ ኮሚቴው ያልቅ።

ስምም እንዲሁ። እዚህ አካባቢ በአንድ ውድድር ላይ ሁለት ሦስት ሙሐመድ አሊ መኖሩ የተለመደ ነው። ስለዚህ የአያት ስም የግድ ነው። ኤክሴል ላይ ደግሞ አንዱ «ሙሐመድ»፣ ሌላው «መሀመድ»፣ ሦስተኛው «ሙሃመድ» ብሎ ከጻፈው ኮምፒውተሩ አንዱን ልጅ ሦስት ያደርገዋል፤ በሁለት ውድድር የተመዘገበው ልጅ ነጥቡ አይደመርም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ቁጥር ይሰጥና ሁሉም ነገር በቁጥሩ ይፈለግ። በውሃ ዋና ውድድር ደረት ላይ የሚለጠፍ ቁጥር ስለሌለ፣ በማይለቅ ማርከር የውድድሩን፣ የምድቡንና የመስመሩን ቁጥር ክንዱ ላይ መጻፍ ነው፤ ምድብ የምለው ባንዴ አብረው የሚዋኙትን ልጆች ነው። ቅባት የተቀባ ክንድ ማርከር አይይዝም፤ አሰላፊው ጨርቅ ይያዝ።

ምድብ ሲወጣ ፈጣኑ መሀል ይገባል። ከመነሻው ጫፍ ቆመን ገንዳውን ስናይ መስመር 1 በቀኝ በኩል ያለው ነው። በስድስት መስመር ፈጣኑ 3ኛ መስመር፣ ተከታዩ 4ኛ፣ ከዚያ 2፣ 5፣ 1፣ 6 እየተባለ ይሞላል። በአራት መስመር 2፣ 3፣ 1፣ 4 ነው። ማጣሪያ የሌለው፣ በሰዓት ብቻ የሚለይ ውድድር ከሆነ ደካማው ምድብ ይቀድማል፤ ፈጣኑ በመጨረሻ ይዋኛል። ሰዓት የሌለው ልጅ ደካማው ምድብ ውስጥ ይገባል። አሠልጣኝ ልጁን መሀል ለማስገባት የማይዋኘውን ሰዓት ይጽፍለታል፤ ልጁ ጎበዞች መሀል ገብቶ ማዕበል ሲጠጣ ይውላል። ሰውየው የጠቀመው መስሎታል።

የጊዜው ስሌት ላይ ሁሉም ይሞኛል። 120 ልጅ በሁለት በሁለት ውድድር ቢሳተፍ 240 ምዝገባ ነው፤ ለስድስት ሲካፈል 40 ምድብ ይመጣል። ነገር ግን በጾታና በዕድሜ ስለሚከፋፈል ብዙው ምድብ አይሞላም፤ 55 ብሎ ማሰብ ይሻላል። 50 ሜትር አንድ ደቂቃ ይፈጃል ብሎ 55 ደቂቃ የሚይዝ አዘጋጅ አለ። ልጆቹ ከውሃ እስኪወጡ፣ ሰዓት እስኪጻፍ፣ ቀጣዮቹ መድረክ እስኪወጡ ሲታሰብ አንድ ምድብ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይበላል። ሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሊሆን ነው፤ እረፍትና የሜዳሊያ ሥነ ሥርዓት ሳይጨመር። ይህንን ለማሳጠር የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ ቀጣዩ ምድብ ከመስመሩ ጀርባ ቆሞ፣ የሚቀጥለው ደግሞ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ አለበት። ዘግይቶ የሚሮጥ ውድድር ካያችሁ ችግሩን አስጀማሪው ጋ አትፈልጉ፤ አሰላፊዎቹ ጋ ሂዱ።

አጀማመሩ ሥርዓት አለው። ዋና ዳኛው በአጫጭሩ ደጋግሞ ፊሽካ ሲነፋ ልጆቹ ልብሳቸውን አውልቀው ይዘጋጃሉ፤ ሰዓት ያዦችም ሰዓታቸውን ወደ ዜሮ ይመልሳሉ። አንድ ረጅም ፊሽካ ሲሰማ መድረክ ላይ ይወጣሉ። ጀርባ ቀዘፋ ከሆነ በዚያ ፊሽካ ውሃ ውስጥ ይገባሉ፤ በሁለተኛው ረጅም ፊሽካ ግድግዳውን ይይዛሉ። ከዚያ ዋና ዳኛው እጁን ዘርግቶ ምድቡን ለአስጀማሪው ይሰጣል። አስጀማሪው «በየቦታችሁ» ይላል፤ ሁሉም ድርቅ ብለው ሲቆሙ ምልክቱን ይሰጣል። ችግሩ ልጆቻችን ይህንን ቃል የሚያውቁት ከትምህርት ቤት ሩጫ መሆኑ ነው። እዚያ ከ«በየቦታችሁ» በኋላ «ተዘጋጁ» አለ። ስለዚህ ግማሾቹ «ተዘጋጁ»ን ሲጠብቁ ምልክቱ ያመልጣቸዋል፤ ግማሾቹ ቀድመው ዘፍ ይላሉ። ማሟሟቂያው ላይ አስጀማሪው ራሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያለማምዳቸው ዕለቱን ሙሉ ይገላገላል። ደንቡ ከምልክቱ በፊት ለተነሳ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። ከአሥር ዓመት በታች ላሉት አንድ ጊዜ ይመለሱ የሚል ካለ እሱም መጥሪያው ላይ ይጻፍ።

ሰዓት መያዝ ቀላል ይመስላል። ሰዓቱ የሚነሳው በድምፅ ሳይሆን በዓይን ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 25 ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው 0.07 ሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሳል። በመቶኛ ሴኮንድ የሚለያዩ ልጆች ባሉበት ይህ ትንሽ አይደለም። ብልጭ የሚል መብራት ያለው ማስጀመሪያ ከሌለን አስጀማሪው አንድ እጁን ከፍ አድርጎ ከፊሽካው ጋር እኩል ያውርድ፤ ሰዓት ያዦቹም እጁን ይዩ። ቁልፉ በአውራ ጣት አይጫንም፤ በሌባ ጣት ነው፤ ላላ የሚለው ክፍል አስቀድሞ ጫን ተደርጎ ይጠበቃል። ልጁ ሊደርስ 5 ሜትር ሲቀረው ሰዓት ያዡ ከጫፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ግድግዳውን ቁልቁል ማየት አለበት። ፊት ለፊት የሚያይ ሰው የልጁን ጭንቅላት ነው የሚያየው፤ እጁ ግን ከውሃ በታች ግድግዳውን ነክቶ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት መስመር ማን ቀደመ ብሎ ቀና ያለ፣ ወይም «አይዞህ! ጎበዝ!» እያለ የሚያበረታታ ሰዓት ያዥ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚያቆመው። ማበረታታት የፈለገ ከወንበሩ ላይ ይሁን።

በስልክ ሰዓት መያዝ ይቅር። መስታወቱ በረጠበ ጣት እሺ አይልም፤ መጫኑን ጣት አያውቀውም፤ መሀል ላይ ስልክ ይደወላል። እውነተኛ ስቶፕ ዎች ውድ ዕቃ አይደለም፤ 12ቱንም ከውድድሩ በፊት አንድ ላይ አስነስቶ አንድ ላይ በማቆም ባትሪው የደከመውን መለየት ይቻላል። የሰዓት ያዦች አለቃና ተጠባባቂው በእያንዳንዱ ምድብ ሰዓታቸውን ያስነሳሉ፤ «አልነሳልኝም» ብሎ እጁን ላወጣ ሰው እየሮጠ የተነሳውን ያቀብላሉ። ማንም ሰው ሰዓቱን የሚያጠፋው የሚቀጥለው ምድብ አጫጭር ፊሽካ ሲነፋ ብቻ ነው። ቀድሞ ያጠፋ ሰው ማስረጃ አጠፋ ማለት ነው።

የተያዙት ሰዓቶች ደግሞ እንዲህ ይደመደማሉ። ሦስት ሰዓት ካለና ሁለቱ እኩል ከሆኑ፣ እኩል የሆነው ይወሰዳል። 41.27፣ 41.27፣ 41.40 ከመጣ ውጤቱ 41.27 ነው። ሦስቱም ከተለያዩ መካከለኛው ነው፤ 41.27፣ 41.30፣ 41.35 ሲሆን 41.30። ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ማካፈል የለም፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሒሳብ መምህር ግን ሁልጊዜ ያካፍላል። ሁለት ሰዓት ብቻ ሲኖር ነው አማካይ የሚወሰደው፤ 41.27ና 41.35 41.31 ይሆናሉ። በሁለቱ መካከል ከ0.30 በላይ ልዩነት ከታየ አለቃው ወረቀቱ ከመሄዱ በፊት ሁለቱን ሰዎች ይጠይቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው «ዘግይቼ ነው የነካሁት» ይላል።

ከዓይንና ከሰዓት የቱ ይቀድማል የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ባሸነፈበት ኦሊምፒክ፣ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ፍጻሜ አሜሪካዊውን ላንስ ላርሰን የያዙት ሦስቱም ሰዓት ያዦች ከአውስትራሊያዊው ጆን ዴቪት የፈጠነ ሰዓት አሳዩ። ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ እንደወጣ በዓይን የሚለዩት ዳኞች ግን ሦስት ለሦስት ተከፈሉ። ዋና ዳኛው ወርቁን ለዴቪት ሰጠ፤ ለሁለቱም 55.2 ተጻፈላቸው። የኤሌክትሮኒክ ሰዓት እንዲመጣ ከገፉት ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው። በ1972 በሙኒክ ደግሞ ሌላው ጫፍ ታየ፤ በ400 ሜትር ድብልቅ ስዊድናዊው ጉናር ላርሰን ቲም ማኪን በሁለት ሺህኛ ሴኮንድ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ከመቶኛ በታች አይለካም ተባለ፤ በመቶኛ እኩል የሆኑ እኩል ናቸው። በእኛ ገንዳ ከአንደኛው ቀጥሎ ሁለት ልጆች እኩል 38.44 ካመጡ ሁለቱም ሁለተኛ ናቸው፤ ሦስተኛ የሚባል የለም፤ ሁለት ብር ሜዳሊያ መግዛት ነው።

ቀዘፋና መታጠፊያ የሚያዩት ዳኞች ሥራ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ልጅን ከውድድር የሚያስወጡት እነሱ ናቸው። ወንዝ ላይ ዋና የለመደ ልጅ ደረት ቀዘፋ ሲዋኝ አንዱን እግሩን እንደ መቀስ ይከፍታል፤ የእግሩ መዳፍ ወደ ውጪ የዞረ አይሆንም። ይኼ ያሰርዛል። በደረትና በቢራቢሮ ቀዘፋ ሲታጠፍም ሲጨርስም ሁለት እጁን እኩል ጊዜ፣ ለየብቻ አድርጎ ማስነካት አለበት። ከፍታቸው እኩል መሆን አይጠበቅበትም፤ ጊዜው ነው እኩል የሚሆነው። ብዙ አዲስ ዳኛ አንዱ እጅ ከፍ ብሎ ስለነካ ብቻ ይሰርዛል፤ ስህተት ነው። በነፃ ቀዘፋ የደከመ ልጅ ወለሉን ረግጦ ቢቆም አይሰረዝም፤ ከተራመደ ግን ይሰረዛል፤ ገመድ ስቦ ቢሄድም እንደዚያው። በዱላ ቅብብል ዳኛው መጀመሪያ የሚያየው የሚዘለውን ልጅ ጣት ነው፤ ጣቱ ከመድረኩ ሲለቅ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ያወርዳል። የመጪው ልጅ እጅ ገና ካልደረሰ ቡድኑ ወጣ። ግድግዳውን አይቶ ወደ ላይ ቀና የሚል ዳኛ ጣቱን ፈጽሞ አይደርስበትም።

ያየ ዳኛ ወዲያው እጁን ያነሳል። ልጁ ከውሃ ከወጣ፣ ወላጅ ከተነሳ፣ ጩኸቱ ከበረደ በኋላ የሚነሳ እጅ ማንም አያምነውም። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ውድድሩን፣ ምድቡን፣ መስመሩንና ያየውን ይጽፋል። «ደረት ቀዘፋው ትክክል አልነበረም» አይባልም፤ «25 ሜትር ላይ ሲታጠፍ በቀኝ እጁ ብቻ ነካ» ይባላል። ዋና ዳኛው ሦስት ነገር ይጠይቀዋል፦ የት ቆመህ ነበር? ምን አየህ? የትኛውን ደንብ ጣሰ? አንዱ ላይ ከተንተባተበ ስረዛው ይቀራል። «ያልነካ ይመስለኛል» የሚባል ፍርድ የለም፤ ጥርጣሬ ሲኖር ለልጁ ነው። ሦስት መስመር የተሰጠው ዳኛ ሦስቱንም እኩል ይይ። ከፊት ያለውን ሲከተል ኋላ የቀረውን ካላየው፣ ፊት ያለውን መሰረዝ ፍትሕ አይሆንም።

እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚባለው ነገር ይገባል። ደሴና ኮምቦልቻ ሰው የሚተዋወቅበት አገር ነው፤ የጎረቤት ልጅ፣ የአበልጅ ልጅ መስመር ውስጥ ይኖራል። ዓይኑ ያየውን እጁ የማያነሳ ዳኛ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ግን ዝም የተባለው ልጅ ለክልል ውድድር ሲሄድ እዚያ ይሰረዛል፤ ያኔ የሚያስተምረው የለም። እዚህ፣ በ25 ሜትር ገንዳ፣ ከውሃ ሲወጣ አሠልጣኙ ጎን ወስዶ በለሆሳስ ቢነግረው ዘንድሮውኑ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ስረዛ በድምፅ ማጉያ በስም አይነገርም፤ ወረቀቱ ለአሠልጣኙ ይሰጣል፤ በቃ።

አሠልጣኝ የሚናገረው ከዋና ዳኛው ጋር ብቻ ነው፤ ያውም በጽሑፍ፣ ውድድሩ ካበቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ። ዕድሜውና ስሙ የገዘፈ ሰው ወደ አንዲት የሃያ ዓመት ሰዓት ያዥ መጥቶ «አንቺ ልጅ፣ ስንት ያዝሽ?» ሲል ምን ትበል? አስቀድሞ መልሱን ማስያዝ ነው፤ «ጋሼ፣ ሰዓቱን ለአለቃዬ ሰጥቻለሁ፤ ክስ ካለዎት ለዋና ዳኛው ያስይዙ።» እንዲህ ስትል ማንንም አላዋረደችም፤ ራሷንም ከጭቅጭቁ አወጣች።

የሴቶች ጉዳይ እንደ ማሟያ የሚታይ አይደለም፤ ወሎ ውስጥ የሴት ልጆች ምዝገባ የሚወሰነው በእሱ ነው። ክንድና እግር የሚሸፍን የዋና ልብስ ይፈቀድ እንደሆነ መጥሪያው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ጨርቁ የዋና ጨርቅ እስከሆነ ድረስ በከተማ ውድድር የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። የጥጥ ቀሚስና ሱሪ ግን ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ለደኅንነት ሲባል አይሆንም። መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ሴት አሰላፊ ትቁም። ከ27ቱ ሰዎች ግማሹ ሴቶች ቢሆኑ ብዙ እናት ልጇን በሰላም ትልካለች።

ነፍስ አድን ሠራተኛ ሰዓት አይዝም፣ ወረቀት አያመላልስም፣ ስልክ አያወራም። ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ ረጅም ዘንግና መንሳፈፊያ ቀለበት አጠገባቸው ይኑር። አደገኛው ሰዓት ውድድሩ ሳይሆን ማሟሟቂያው ነው፤ ስልሳ ልጅ ባንዴ ሲዘል አንዱ አንዱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በእግር ቀድሞ መግባት፣ መዝለል በአንድ መስመርና በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ዋና እችላለሁ ያለ ልጅ ሁሉ ከሳምንት በፊት 25 ሜትር ሳያቆም ዋኝቶ ያሳይ፤ ወንዝ መሻገርና ሁለት ሜትር ጥልቀት ውስጥ ትንፋሽ እያጠረ መታጠፍ አንድ አይደሉም። ጠዋት የገንዳው ጥልቅ ቦታ ወለል ካልታየ፣ ውሃው ደፍርሷል ማለት ነውና ማንም አይገባም። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ይወጣል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። በዚህ ምክንያት ሐምሌና ነሐሴ ከቀትር በኋላ ውድድር መያዝ አይመከርም። ገንዳ ከጠፋ ሐይቅ ላይ እናድርገው የሚል ሐሳብም ይነሳል፤ የሐይቅ ዋና ሌላ ስፖርት ነው፤ ዓለም አቀፉ ደንብም ከ14 ዓመት በታች ላሉት አይፈቅድም።

በጎ ፈቃደኞቹን ከየት? የስፖርት መምህራን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ነርሶች፣ ወላጆች። ወላጅ ጥሩ ሰዓት ያዥ ይወጣዋል፤ የራሱ ልጅ መስመሩ ላይ ሲመጣ ብቻ ከተጠባባቂው ጋር ይቀያየር። ሥልጠናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ከንግግር ይልቅ አንድ ልጅ 50 ሜትር ይዋኝ፣ 12ቱም ሰዎች ያንኑ ልጅ ይያዙ፣ የያዙት ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ከሌሎቹ በ0.30 የራቀው ሰው ራሱ ያየዋል፤ ማንም መናገር የለበትም። አምስት ስድስት ጊዜ ሲደጋገም ቁጥሩ ይሰበሰባል። ከሰባተኛው በኋላም ያልተሰበሰበለት ሰው ጥሩ አሰላፊ ሊሆን ይችላል።

የገንዘቡ ነገር በግልጽ ይነገር። አበል ካለ ለሁሉም፣ ከሌለ ለማንም። አንዱ «ባለሙያ» ተብሎ አበል ሲፈርም ሌላው በነፃ እንደቆመ ካወቀ ከምሳ በኋላ ወንበሩ ባዶ ነው። አበል ባይኖር እንኳ የደሴ–ኮምቦልቻ ትራንስፖርት፣ ባርኔጣ፣ ውሃና ምሳ ግዴታ ናቸው። የጾም ቀን ከሆነ የጾም ምግብ፣ ለሙስሊሞቹም የሚሆናቸው ይቅረብ፤ ረመዳን ውስጥ ውድድሩን ባይዙት ይመረጣል። አርብ ከቀትር በኋላና እሑድ ጠዋት ከተያዘ ግማሹ ሰው አይመጣም።

ውጤቱ ልጆቹ ሳይበተኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ወረቀቱ ላይ የገንዳው ርዝመት፣ ሰዓቱ በእጅ የተያዘ መሆኑ፣ በመስመር ስንት ሰዓት እንደነበረ፣ የተሰረዙት ልጆች በምን ምክንያት እንደተሰረዙ፣ የዋና ዳኛው ፊርማና ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይኑር። አንድ ቅጂ ለእያንዳንዱ አሠልጣኝ፣ አንዱ ለከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ አዘጋጁ ዘንድ። ሰዓት ያዦቹ በእጃቸው የጻፏቸው ወረቀቶችም ቢያንስ እስከሚቀጥለው ውድድር አይጣሉ፤ ክስ ሲመጣ የሚታዩት እነሱ ናቸው፣ ለቀጣዩ ምድብ ማውጫ የሚሆነው ሰዓትም የሚገኘው ከእነሱው ነው።